ሰኞ የዋሉት በዓላት

እናቴ የአሜሪካን ብሔራዊ በዓላት በቃሏ ትጠራቸዋለች፤ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋት እንኳ አንድ አይቀራትም። ሰኞ ከሚውሉት ግን በአንዱም የበዓል እረፍት አግኝታ እንደማታውቅ እኔ ልጇ ሆኜ እስከዚያች ሰኞ ድረስ አላስተዋልኩም ነበር። የምነግራችሁ ነገር በዚህ አገር ሰዓት ከጠዋቱ አስር ተነስቶ ከሰዓት በኋላ አራት ላይ ያለቀ ነው። ስድስት ሰዓት ብቻ። ዛሬ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ገጽ የምሞላው ግን በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ምክንያት ነውና ቀስ ብዬ ልናገር፤ ታገሱኝ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ በዲቪ ስንመጣ ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አማርኛ ለእኔ የአፍ ብቻ ሆነ። ለአያቴ ቴክስት ሳደርግ እንኳ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። የምንኖረው ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ትራክ ይነዳል፤ ያን ሳምንት ቴክሳስ ነበር። ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴ ትርሲትና የአራት ዓመቷ እህቴ ሊያ ነበርን።

እናቴ የምትሠራው ፌርፋክስ ከሚባለው መንገድ ዞር ብሎ ባለ የአረጋውያን መዋያ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ጠዋት በቫን ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ እጅና እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ይገባሉ። ቤቱ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ ክፍት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከእሑድ ሌላ አንድ የእረፍት ቀን አለው። የእናቴ ሰኞ ነው። የመዋያው ባለቤት እትዬ የሺ ናቸው። እትዬ የሺ ደግሞ አሠሪ ብቻ አይደሉም፤ ሊያን ክርስትና ያነሱ አበልጃችን ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጭንቀቱ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ያን ጠዋት እናቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ የዜግነት ጥያቄዎቹን ካርዶች አወጣሁ። ኢንተርቪዋ ከነገ ወዲያ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ለጥፌው ስነሳም ስተኛም አየዋለሁ። አያቴን ከደብረ ብርሃን ማምጣት የሚችለው ዜጋ የሆነ ልጅ ብቻ ነው፤ አያቴ ደግሞ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር።

«ሦስት ብሔራዊ በዓላት ጥሪ» አልኳት።

«ፕሬዚደንትስ ዴይ፣ ሜሞሪያል ዴይ፣ ሌበር ዴይ።»

«ሁልጊዜ እነዚህኑ ነው የምትጠሪው። ለምን?»

«ሁሉም ሰኞ ነው የሚውሉት። ሰኞ እቤት ስለምሆን አይጠፉኝም።»

ሳቅኩ። ቀጣዩን ካርድ ሳነሳ ግን እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ሥራ ቦታሽ በዓል ሲሆን ይዘጋል?»

«ይዘጋል። ለሁሉም የበዓል እረፍት ነው።»

«ላንቺስ?»

«እኔማ ሰኞ እረፍቴ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። በዓሉስ?»

«የምን በዓሉ? ቤቴ ቁጭ አልኩ አይደል እንዴ?»

በጣቴ ቆጠርኩላት። በሜሞሪያል ዴይ ሳምንት ሌሎቹ ሰኞን በበዓሉ አረፉ፣ የራሳቸውን የእረፍት ቀን ደግሞ ሌላ ቀን ወሰዱ፤ አራት ቀን ሠሩ። እሷ አምስት ቀን ሠራች። እናቴ ጣቶቼን እንደማታውቃቸው ነገሮች አየቻቸውና ካርዶቹን ከእጄ ቀስ አድርጋ ተቀበለችኝ።

«ተይው ረዱ። ረቡዕ አልሄድም።»

መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ። ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

«እትዬ የሺን ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው። 'እናያለን፣ እናያለን' ሲሉኝ ከርመው ቅዳሜ ዕለት 'ረቡዕ ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ አይሆንም' አሉኝ። የዓመት ፈቃዴን ደግሞ ሊያ ስትታመም ጨርሼዋለሁ።»

«ዝም ብለሽ ቅሪና ሂጂ።»

«አምና አንዲት ልጅ ሳታስፈቅድ ቀርታ በማግስቱ ስሟን የሠራተኞች ስም ከሚለጠፍበት ግድግዳ ላይ አነሱት። አባትሽ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ሥራ ብፈታ ምን ይውጠናል?»

«ቀኑ ይቀየርልኝ በያቸዋ።»

«የላይኛዋ ጎረቤታችን እንደዚያ ብላ ዓመት ጠበቀች። አያትሽ ዓመት…» አለችና አልጨረሰችውም። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ውሃው ሲከፈት ሰማሁ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

ስልኬን አንስቼ መፈለግ ጀመርኩ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሜሪካ ነው፣ ካሊፎርኒያ ነው፣ አንድ ሕግ አይጠፋም ብዬ። ያገኘሁት ግን ተቃራኒውን ነበር፤ የግል መሥሪያ ቤት በበዓል ቀን ሠራተኛውን እንዲያሳርፍ የሚያስገድድ ሕግ እዚህ የለም።  ለእናቴ በጣቴ የቆጠርኩላት ነገር ሁሉ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት መሰለኝ። ልዘጋው ስል ከሥር አንድ መስመር አየሁ፤ አሠሪው ራሱ በጽሑፍ ቃል ከገባ ግን ቃሉ ይታያል ይላል።

ወጥ ቤት ሮጥኩ። «እማዬ፣ ሥራ ስትገቢ የፈረምሽበት መጽሐፍ ነገር አልነበረም?»

«ነበር መሰለኝ። ከሊያ የክርስትና ወረቀት ጋር አለ።»

ወረቀቶቻችን ሁሉ የሚኖሩት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሃንድቡኩ፣ የሠራተኞች መመሪያው፣ ከሥር ነበር፤ ሲሰጣት እንደነበረው አዲስ፣ ማንም ያልገለጠው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ስለ ጫማ ይላል፣ ስለ ጥፍር ይላል፣ ስለ ሽቶ አንድ ሙሉ ገጽ አለው። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ ተክዬ እናቴን ጠራኋት።

ለእናቴ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። መዋያው የሚዘጋባቸው በዓላት በሠራተኛው የእረፍት ቀን ላይ ከዋሉ፣ ሠራተኛው በሠላሳ ቀን ውስጥ በምትኩ ሌላ ቀን ያርፋል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ከሚፈለገው ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቤቱ ሳይዘጋ ለኃላፊው ይድረስ።

«ሜሞሪያል ዴይ ሠላሳ ቀን ሞላው?» አለች እናቴ።

ቆጠርን። ሦስት ሳምንት ነበር። ሌሎቹ ሰኞዎች፣ የአራት ዓመት ሰኞዎች፣ ጊዜያቸው አልፎ ሞተዋል። አንዷ ብቻ በሕይወት አለች።

«ለረቡዕ ሁለት ቀን ቀድሞ ማለት መቼ ነው?» አለች እንደገና፤ መልሱን ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ዛሬ። መዋያው የሚዘጋው አራት ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ይላል።

ላፕቶፔን ከፍቼ በአሥር ደቂቃ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ እንዲያውም በጣም ጥሩ። ስተረጉምላት እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄ ክስ ነው።»

«ጥያቄ ነው፣ እማዬ።»

«ለአበልጅ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ? ጠበቃ ያዝኩ ማለት ነው እኮ። ልጄን ያቀፉልኝ ሴትዮ ናቸው። ሶፋውን ማን የሰጠን ይመስልሻል? አይሆንም።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። እኛ ሰዎች ከምንወደው ሰው ጋር ወረቀት አንጻጻፍም። እናቴ ሦስት ጊዜ በቃል የጠየቀችው በቃል መጠየቅ መከባበር ስለሆነ ነው፤ ሃንድቡኩ ደግሞ በቃል የተባለን አያውቅም። ክርክሩ ሰዓታችንን በላ። ሊያ ነቃች፣ በላች፣ ካርዶቹን ወለል ላይ በተነች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ለቅሶዬ መጣ።

«እሺ፣ በአማርኛ ብጽፈውስ?» አልኩ። «ከነሰላምታው። ከነአክብሮቱ።»

 «በእኔ እጅ አልጽፈውም፣ አልደፍርም። አንቺ መጻፍ ትችያለሽ?» አለችኝ።

አልችልም ነበር። ግን «እችላለሁ» አልኩ።

የሂሳብ ደብተሬን ገልብጬ ከጀርባው ጀመርኩ። አንዳንዱ ፊደል እግሩ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ጠፍቶኝ ከቆርቆሮው ውስጥ ከአያቴ የድሮ ደብዳቤ እያየሁ ቀዳሁ። እናቴ ትከሻዬ ላይ ሆና ታዛለች። «ጉልበታቸውን ጠይቂ። መጀመሪያ ጉልበታቸውን ካልጠየቅሽ ደብዳቤ አይባልም።» ሦስት ወረቀት ቀድጄ በአራተኛው ይህ ወጣ፦

«ለተከበሩ እትዬ የሺ። ጤናዎ እንደምን አለ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? እኛ ደህና ነን፤ የክርስትና ልጅዎ ሊያም ደህና ናት። ሜሞሪያል ዴይ በእረፍት ቀኔ በሰኞ ስለዋለ፣ በመመሪያው ገጽ አሥራ አራት መሠረት ምትክ የእረፍት ቀን ይገባኛል። ምትኩ የፊታችን ረቡዕ እንዲሆንልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚያ ቀን የዜግነት ጥያቄ አለብኝ። አክባሪዎ፣ ትርሲት።»

እናቴ እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች። «'ይገባኛል' የሚለው ይከብዳል። 'ካላስቸገርኩዎ' ብትዪው?»

«ውሸት ነው የጻፍኩት?»

«ውሸት አይደለም።»

«ታዲያ?»

ፈረመች። 

አስር ቁጥር የሚባለው ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ነበር፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። እናቴ ድራይቭ ስታደርግ አትናገርም፤ ያን ቀን ግን «ባንሄድስ?» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አለቻት። እኔ ደብዳቤው በላብ እንዳይርስ በሁለት ጣቴ ጠርዙን ይዤዋለሁ። ፌርፋክስ ስንደርስ የምናቆምበት ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ዞርን። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የጎን መንገድ ላይ ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች። በሩን ግን አልከፈተችም።

«አንቺ ስጫቸው። እኔ ከሊያ ጋር እዚህ እጠብቃለሁ።»

«እማዬ።»

«ዓይናቸውን ማየት አልችልም፣ ረዱ።»

ሃንድቡኩን በብብቴ፣ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ ብቻዬን ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ቫን የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ጋሽ ተፈራ ካርታ ብቻቸውን ይደረድራሉ፤ የድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፣ አሁንም ያገኙትን ሰው ሁሉ ይፈትናሉ።

«የትርሲት ልጅ። የጫማሽ ክር ተፈቷል። ምን ጠፍቶሽ መጣሽ?»

«እትዬ የሺን ፈልጌ ነው።»

«ስልክ ላይ ናቸው። ስልክ ላይ ከሆኑ ተቀመጪ፣ ታረጃለሽ።»

ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ እትዬ የሺ ይታዩኛል፤ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው ወረቀት ያገላብጣሉ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። የመጀመሪያው ቫን መጣና የተወሰኑት ወጡ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ በሩ ተከፈተ። ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ ነበር፤ እየወጡ ነው።

«ረዱዬ» ብለው ሳሙኝ። «ሊያ እንዴት ናት? ምነው፣ ብቻሽን?»

«ደህና ናት። እትዬ፣ ደብዳቤ አምጥቼልዎ ነው።» አንቱ ማለት ብዙ ጊዜ ይጠፋኛል፤ ያን ቀን አንድም ጊዜ አልጠፋኝም።

የልደት ጥሪ መስሏቸው ነው መሰለኝ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። ገለጥ አድርገው አራቁት፣ አቀረቡት። «ውይ፣ መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ነገ አነበዋለሁ እሺ፣ የኔ ቆንጆ?» ወደ ቦርሳቸው ሊያስገቡት ነው።

«ነገ አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ዛሬ ካልሆነ ጊዜው ያልፋል፣ እትዬ።»

 ጋሽ ተፈራ ቀና ሳይሉ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው አውልቀው ክንዳቸውን ዘርግተው አቀረቡላቸው።

«ይኸው የኔ። ያጎላል።»

እትዬ የሺ መነጽሩን ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ማንበብ ጀመሩ። ጉልበታቸው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ፈካ፤ ሊያ ላይ ሲደርሱ ለስለስ አለ። ከዚያ ጠቆረ።

«'ይገባኛል'» አሉ ጮክ ብለው። ቃሏን ብቻ። «ማን ነው ያስጻፋችሁ? ጠበቃ ይዛችኋል?»

«ማንም አላስጻፈንም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እናትሽስ አፍ የላትም? በአንድ ጽዋ የምንጠጣ ሰዎች በወረቀት ሆንን? እኔ እኮ አበልጇ ነኝ!» መነጽሩን አወለቁ። «በዓሉ ሰኞ ነው፣ የሷ እረፍት ሰኞ ነው። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንዴት ይታረፋል?»

መልሱ በጣቴ ላይ ነበር፤ ምላሴ ግን ተሳሰረ።  ያኔ ከኋላዬ የበሩ ድምፅ ተሰማ። እናቴ ሊያን አዝላ ገብታለች።

«አፍ አለኝ፣ እትዬ» አለች። ቀስ ብላ፣ ወለሉን እያየች። «በአፌ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩዎ። ሦስቴም 'እናያለን' አሉኝ። ያን ሳምንት ሁሉም አራት ቀን ሠራ፤ እኔ አምስት። ልጄ ናት የቆጠረችልኝ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ አልቆጠርኩም።» ከዚያ ቀና አለች። «እናቴን ማምጣት እፈልጋለሁ።»

 እኔ ሃንድቡኩን ገጽ አሥራ አራት ላይ ገልጬ ከደብዳቤው አጠገብ ያዝኩላቸው። እትዬ የሺ መነጽሩን እንደገና አደረጉ። በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ ወደ መጨረሻው ገጽ አለፉ። እዚያ የእናቴ ፊርማ አለ፤ ከሱ ሥር የራሳቸው። የራሳቸውን ፊርማ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄን መጽሐፍ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፈቃድ ሳወጣ አምጪ ስላሉኝ ነው ያሠራሁት። ሰው ሲያነበው የመጀመሪያ ነው።»

«እርስዎን ጨምሮ?» አሉ ጋሽ ተፈራ ከካርታቸው ላይ።

«እኔን ጨምሮ። እርስዎ ደግሞ ቫንዎ መጥቷል።»

«መነጽሬ እርስዎ ዘንድ ነው፤ የት እሄዳለሁ?»

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። እትዬ የሺ አልሳቁም። ወደ እናቴ ዞሩ። «ተቆጣጣሪዎቹስ፣ ትርሲት? የመድኃኒቱን መዝገብ ካንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል? ቤቱን ቢዘጉብኝ እነዚህ ሰዎች ሁሉ የት ይውላሉ?» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ፍርሃት ነው።

«ነገ ሙሉ ቀን አለሁ። መዝገቡን አስተካክዬ ለሌሎቹ ሠራተኞች አሳያቸዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቀድሜ እገባለሁ።»

እትዬ የሺ እስክሪብቶ ፈለጉ። ቦርሳቸው ውስጥ ሲያጡ የኔን ሰጠኋቸው። ከእናቴ ስም ሥር «ተፈቅዷል» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ የግድግዳውን ሰዓት አይተው ጨመሩበት፤ ሦስት ከሃምሳ ሁለት። ወረቀቱንም መለሱልኝ። ሊያን ከእናቴ ጀርባ ላይ ተቀብለው አቀፏት፤ ዓይናቸው ግን አላየንም።

«ሁለተኛ ግን ወረቀት ከማምጣትሽ በፊት ደውዪልኝ» አሉ።

«እደውላለሁ» አለች እናቴ። «ወረቀቱንም አመጣለሁ።»

እናቴ ለሰው እንዲህ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። የምታለቅስ መስሎኝ ዞር ስል ደብዳቤውን እያነበበች ነው።

«'በአክብሮት እጠይቃለሁ' የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ።»

«ከራስሽ» ብላ ደገመችው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ጠዋት ዳውንታውን ባለው ሕንፃ በር ላይ ከሊያ ጋር ጠበቅኳት። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ስትወጣ የምትራመደው በጣም ቀስ ብላ ስለነበር ያላለፈች መሰለኝ።

«ምን አሉሽ?»

«አለፍኩ።»

ሊያን እስክትጮህ ድረስ አቀፍናት። ከዚያ «ስለ በዓል ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ጠየቁኝ። መጀመሪያ ሜሞሪያል ዴይ አልኩ።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «'ዛሬ የመጣሁት በእሷ ነው' ልለው ነበር። ተውኩት።»

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናትና አባታችሁ ሥራ ሲገቡ ሳያነቡ የፈረሙ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቤታችሁን የብስኩት ቆርቆሮ ክፈቱ። ሕግ ሁልጊዜ ከጎናችን ላይሆን ይችላል፤ እኔም ባላሰብኩት ሰዓት ነው ያወቅኩት። በሌላው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ያ መስመር ላይኖርም ይችላል። ግን ያለና የሌለ የሚታወቀው ሲገለጥ ነው። እኛ እንግሊዝኛው ይቀለናል፤ ለእነሱ ማንበብ የእኛ ተራ ነው። መጻፍ ደግሞ ጠብ አይደለም። እትዬ የሺ ለሁለት ሳምንት ያህል አኩርፈውን ነበር፣ አልዋሽም፤ በሦስተኛው ሳምንት ለሊያ ጫማ ገዝተው መጡ።

እኔ ከዚያ ወዲህ መጻፍ አላቆምኩም። ለአያቴ በፊደል እጽፍላታለሁ፤ ስሕተቴን በስልክ እየሳቀች ትነግረኛለች። ወረቀቷ ገና በመንገድ ላይ ነው፣ እየጠበቅን ነው።

መስከረም ሊጠባ ሲል ደግሞ እናቴን ልወስዳት መዋያው ሄድኩ። የሠራተኞቹ ስም ከተለጠፈበት ግድግዳ ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ፤ በእትዬ የሺ እጅ በአማርኛ የተጻፈ። «ሌበር ዴይ ሰኞ ይውላል። ትርሲት ምትክ ቀን ትምረጥ» ይላል። ከሥሩ የእናቴ ደብዳቤ በመርፌ ተያይዟል። ቁሜ አነበብኩት። ጉልበታቸውን ትጠይቃለች፣ ሊያ ደህና መሆኗን ትናገራለች፣ ከዚያ የመረጠችውን ቀን ትጽፋለች፤ እንቁጣጣሽ።

ማን እንደጻፈላት አልጠየቅኳትም። ጽሑፉ የራሷ ነበር፣ «ይገባኛል» የምትለዋም ሳትቀር።